በኑሪ ድንጋይ ላይ ስለተተከለው የመከባበር ሰሌዳ

ለክቡር ቀኛዝማች ይርዳው ወልደ ሰንበት
የሐይቅ ዳር መዝናኛና ሥነ ሥርዓት ክፍል ሹም

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎ፣ ክብርት ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና የሞተር ጀልባዎ በፍጹም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ጀልባዋን ከቤተሰብዎ ጋር አብሬ መጥራቴን እንደ ድፍረት እንዳያዩብኝ እለምናለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እርሷ ደኅንነት ሲጨነቁ ያየሁትን ያህል ስለ ሌላ ፍጡር ሲጨነቁ ስላላየሁ ነው።

እኔ ጥላዬ መንገሻ እባላለሁ። መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ፣ ኮትና ሱሪ የምሰፋ ሰው ነኝ። ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ይዤ የሄድኩት ወደ አንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ዘንድ ነበር። አዘጋጁ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ እስከ መጨረሻው አነበበና፣ «ጋሼ ጥላዬ፣ አጻጻፍዎ ግሩም ነው፤ እኔ ግን ልጆች አሉኝ» ብሎ በሁለት እጁ መለሰልኝ። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ በፖስታ ልኬ ሁለተኛውን በሱቄ መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል እለጥፈዋለሁ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ተራው እስኪደርስ ያነበዋል። ከእርስዎ መሥሪያ ቤት መልስ ከሚጠብቅ ሰው ይልቅ ሱሪ የሚጠብቅ ሰው ቶሎ እንደሚስተናገድ በትሕትና እገልጻለሁ።

አቤቱታዬን በቁጥር ማቅረብ ወግ ስለ ሆነ በቁጥር አቀርባለሁ። አስቀድሜ ግን አቤቱታው ስለ ማን እንደ ሆነ ልንገርዎ፤ ምንም እንኳ ሰውዬውን ሁለት ጊዜ ፊት ለፊት ቢያገኙትም ስሙን የጠየቁት አይመስለኝም።

ስሙ ኑሪ እንድሪስ ነው። የወሎ ሰው ነው፤ ሐይቅ አጠገብ ተወልዶ ልጅነቱን ውሃ ዳር ያሳለፈ፣ ከዚያም ሶማሌ ተራ መጥቶ ሃያ ዓመት ጃንጥላ የጠገነ። ዓሣ ማጥመድን ያስተማረኝ እርሱ ነው። የተሰበረ የጃንጥላ ሽቦ ይቆርጥና አጥፎ፣ ሞርዶ መንጠቆ ያደርገዋል። ከውጭ አገር ከሚመጣው ይልቅ የኑሪ መንጠቆ ይሻላል እያሉ እየለመኑ የሚወስዱት ብዙ ነበሩ። ዝናቡ አቁሞ መንገዱ ከደረቀበት ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ እሑድ እሑድ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍረን እርስዎ ወደሚያስተዳድሩት ሐይቅ እንወርድ ነበር። ያን ጊዜ ማንም አያስተዳድረውም ነበር፤ ውሃውም በዚህ የተነሣ ደርቆ አያውቅም።

በሁዳዴ ጊዜ ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ በዳርቻው ላይ አርባ፣ ሃምሳ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ሾፌሩ፣ ሸማኔው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ጡረታ የወጣው ወታደር፣ ሁሉም አለ። ይህ ሁሉ ሰው ሲጣላ ያየሁት ስንት ጊዜ እንደ ሆነ በአንድ እጄ ጣቶች እቆጥረዋለሁ። አንዱ ዓሣ ሲይዝለት ግራና ቀኙ ያሉት ሳይጠየቁ ክራቸውን ይሰበስቡለታል። የሌላውን ክር ተራምዶ የሚያልፍ የለም። ትል ያለቀበት ሰው እጁን ከዘረጋ በዝምታ ይሰጠዋል። ከሾላው ዛፍ ሥር ወደ ውሃው ገባ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ ከሁሉ የተሻለው ቦታ እርሱ ስለ ሆነ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጥበታል፤ ሽማግሌ ሲመጣ ግን ተነሥቶ ይለቃል። ይህን ማንም አልጻፈውም፤ ማንም አልፈረመበትም።

ከአራት ዓመት በፊት የኑሪ ዓይን መፍዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ የሽቦ ቀዳዳ ማየት አቃተው፤ ቀጥሎ የሰው ፊት። ሐኪሙ መነጽር እንኳ አላዘዘለትም። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጨለመበት፤ የጃንጥላ ሱቁን ዘጋ፤ ቤቱን የምታስተዳድረው ሚስቱ ሁሪያ ሆነች፣ ቅመም እየቸረቸረች። ኑሪ ጠዋት ጠዋት ከመደቧ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሰው ወይም ጋሪ ሲያልፍ እግሩን ይሰበስባል። ክቡር ሆይ፣ ሃያ ዓመት እጁ አርፎ የማያውቅ ሰው መርካቶ ውስጥ የቀረው ሥራ እግሩን መሰብሰብ ነበር።

ሐይቁ ላይ ግን እንደዚያ አልነበረም። ክሩን በቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ላይ ሁለቴ ጠምጥሞ ይጥላል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ገና ዓሣው ሳይውጥ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይነግረኛል። «ቆሮሶ ይቸኩላል፤ አምባዛ ያስባል» ይለኝ ነበር። ዓይን ካለን ከሁላችን የበለጠ የሚይዝ እርሱ ነበር። ማየት እንደተሳነው በታወቀ በመጀመሪያው እሑድ ማንም ስብሰባ ሳይጠራ፣ ማንም አንድ ቃል ሳይናገር፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ የኑሪ ሆነ። ዳር ላይ ሻይና ዳቦ የምትሸጠው እትዬ ጽጌሬዳ አዲስ ሰው ሊቀመጥበት ሲል፣ «ተነሥ አንተ፣ ባለቤት አለው!» ትላለች። ከአውቶቡስ ስንወርድ ደግሞ ከሩቅ፣ «ኑሪ፣ ና ድንጋይህ ቀዝቅዟል!» ብላ ትጣራለች። ይህን ሲሰማ እጄን ለቆ ብቻውን መራመድ ይጀምር ነበር።

እንግዲህ ወደ አቤቱታዬ።

አንደኛ። በጥር ወር ፲፱፻፶፱ ዓመተ ምሕረት በሹመትዎ መጀመሪያ እሑድ በአዲሱ የሞተር ጀልባዎ ከዳርቻው አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት በማለፍ ስለ ጎበኙን ከልብ አመሰግናለሁ። ሐይቁ ሰፊ ሆኖ ሳለ በእኛ በኩል ማለፍዎ ለተራው ሕዝብ ያለዎትን ቅርበት ያሳያል። በዚያ ጉብኝት የአሥራ አንድ ሰው ክር ይዘው ሄዱ። ከእነዚህ አንዱ የኑሪ ነበር፤ በጣቱ ላይ ተጠምጥሞ እንዳለ።

አጠገቡ ስለ ነበርኩ አይቻለሁ። ክሩ በኃይል ሲሳብ መጀመሪያ ፊቱ በራ። «ጥላዬ! ጥላዬ፣ ምንድን ነው ይሄ? እንዲህ ያለ ዓሣ በዕድሜዬ ገጥሞኝ አያውቅም!» ብሎ ጮኸ። ለጥቂት ቅጽበት በዳርቻው ላይ ከእርሱ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም ማለት እችላለሁ። ከዚያ ደሙን አየሁ። ናይለኑ ጣቱን እስከ አጥንቱ ቆርጦት ነበር። እትዬ ጽጌሬዳ የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ ስታስርለት እርስዎ ሞተሩን አቁመው፣ «ክራችሁን አትሰበስቡም እንዴ? ሞተሬን ልታበላሹት ነው!» ብለው መከሩን። ለምክሩ እናመሰግናለን። ሞተሩም ተመርምሮ ጤነኛ ሆኖ በመገኘቱ ሁላችንም ተጽናንተናል።

ጣቱ ለመዳን ሰባት ወር ፈጀ። ጫፉ ግን ከዚያ በኋላ ምንም አይሰማውም፤ እሳት ቢነካው አያውቅም። ኑሪ እንደገና ወደ ሐይቁ ሲመለስ ክሩን በግራ ጣቱ ላይ ጠመጠመ። «ቀኙ ጡረታ ወጣ፤ ግራው ደግሞ ገና ተማሪ ነው፤ ታገሡት» ብሎ ሳቀ። በዚያ ወቅት የያዘው ዓሣ ቀድሞ በአንድ እሑድ ከሚይዘው አይበልጥም ነበር።

ሁለተኛ። ጀልባው ትንሽ ራቅ ብሎ እንዲያልፍልን ብቻ የሚለምን የስድስት መስመር ማመልከቻ ይዤ መሥሪያ ቤትዎ አራት ጊዜ መመላለሴ ይታወሳል። ዘበኛዎ ትሑት ሰው ነው፤ አራቱንም ጊዜ፣ «ነገ ይምጡ አባቴ» ብሎኛል።

ሦስተኛ። ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ግን መልስ ሰጡን፤ ቸርነትዎ ይህን ያህል ይሆናል ብለን ከቶ አልጠበቅንም። ስለ ጀልባ ለጠየቅነው፣ «የዓሣ አጥማጆች የመከባበር ደንብ» የሚል አሥራ አራት አንቀጽ በቀለም የተጻፈበት ትልቅ የቆርቆሮ ሰሌዳ ላኩልን። አንቀጽ አንድ፣ ማንኛውም አጥማጅ የጀልባን መንገድ በክር እንዳይዘጋ ይከለክላል። አንቀጽ ሰባት፣ አጥማጆች በሚገናኙበት ጊዜ በትሕትና ሰላምታ እንዲለዋወጡ ያዝዛል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዴት ስንገናኝ እንደ ነበር አሁን ማስታወስ አቅቶኛል።

ሠራተኞችዎ ሰሌዳውን የት እንደሚተክሉት ዳርቻውን ሙሉ ሲዞሩ ዋሉና ጠፍጣፋውን ድንጋይ መረጡ። መሐሉን በስተው የብረት ምሰሶ አቆሙ፤ ሥሩን በሲሚንቶ ሞሉት። እትዬ ጽጌሬዳ፣ «ወንድሞቼ፣ ይሄ እኮ የሰው መቀመጫ ነው» ብትላቸው ኃላፊያቸው፣ «ከሁሉም አቅጣጫ የሚታየው እዚህ ሲሆን ነው» አላት። እውነቱን ነው፤ ከአንድ ሰው በስተቀር ለሁሉም ይታያል።

በሚቀጥለው እሑድ ኑሪ ወደ ድንጋዩ ሲሄድ ግንባሩ ብረቱን መታው። በእጁ ከታች እስከ ላይ ዳሰሰው። «ምንድን ነው?» አለኝ። ሰሌዳ ነው አልኩት። «ምን ይላል?» አለኝ። ተከባበሩ ይላል አልኩት። «ጥሩ ነገር ነው» ብሎ ከምሰሶው ጎን በቀረችው ቦታ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀመጠ። ለሦስት እሑድ እንደዚያ ሆኖ አጠመደ።

አራተኛ። በመጋቢት ወር አንቀጽ አሥራ አራት ሥራ ላይ ዋለ። እያንዳንዱ አጥማጅ በሰሌዳው ፊት ቆሞ ደንቡን ራሱ አንብቦ መረዳቱን በፊርማው ካላረጋገጠ የፈቃድ ወረቀት አይሰጠውም፤ ወረቀት የሌለው ክር መጣል አይችልም። ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ዘርግተው ሁላችንን በተራ አስተናገዱ። ፊደል ያልቆጠሩ አሥራ ሁለት ሰዎች ሰሌዳው ፊት ቆመው ከንፈራቸውን ካንቀሳቀሱ በኋላ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ፤ ጸሐፊዎም በቸርነት አሳለፏቸው። ኑሪ ተራው ሲደርስ ጸሐፊው አንገታቸውን ደፍተው፣ «አባቴ፣ ደንቡ ራሱ አንብቦ ነው የሚለው» አሉት። እኔ ላንብብለት ብል፣ «ራሱ ነው የሚለው ጋሼ፤ እኔ ምን ላድርግ» አሉኝ። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም። አፍረው ነበር።

ያን ሳምንት ደንቡን ሙሉ በሙሉ በወረቀት ገለበጥኩት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ኑሪ በሁሪያ እጅ ተመርቶ ሱቄ ይመጣል፤ እኔ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ አነብለታለሁ፤ እርሱ ይደግማል። ልብስ ሊለካ የመጣ ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበር። ዓርብ ዕለት ከጁምዓ መልስ አሥራ አራቱንም አንቀጽ ከነነጥቡ ያለ አንዲት ስሕተት በቃሉ ወጣው። ሁሪያ፣ «ቁርኣን እንኳ እንዲህ ቶሎ አልያዘም» ብላ ሳቀች። ደስ ብሎን ነበር፤ ይህን ልሸሽግዎ አልችልም። ትልልቅ ሰዎች ሆነን ሳለን በዚህ ይሆናል ብለን አምነን ነበር።

እሑድ ኑሪ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ በሰሌዳው ፊት ቆመ። ትንሽ ወደ ቀኝ ዞሮ ስለ ቆመ ትከሻውን ይዤ አቃናሁት። ከዚያ ከርእሱ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ከፍ ባለ ድምፅ ተናገረው። አርባ ሰው ክሩን ውሃ ውስጥ ትቶ ሰማው። ሲጨርስ ጸሐፊዎ ብዕራቸውን አነሡ፤ የኑሪን ስም መጻፍ ጀምረው ነበር፤ «ኑ» የሚለውን ፊደል በዓይኔ አይቻለሁ። እርስዎ ከእንግዶችዎ ጋር ከጀልባው የወረዱት በዚያች ቅጽበት ነው።

ነገሩን ጠየቁ፤ ተነገርዎ። ፈገግ ብለው ወደ ኑሪ ተጠጉና፣ «ካነበብከውማ ንገረኝ፤ ሰሌዳው ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አሉት።

ኑሪም እጁን አጣምሮ፣ «ጌታዬ፣ ቀለሙ በደንቡ ውስጥ አልተጻፈም» አለዎት።

እንግዶችዎ ሳቁ፤ እርስዎም ከሁሉም በላይ ሳቁ። ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «ብልህ ሽማግሌ ነህ» አሉት። እኔ ሞኙ በዚህ ሳቅ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ እጅ ልነሣ ጎንበስ ብዬ ነበር። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ «ዕውር ውሃ ውስጥ ቢገባብን ተጠያቂው እኔ ነኝ። ሰርዘው» አሉ። በዚያው ፈገግታ። ስለ ኑሪ ሕይወት እንዲህ ስለ ተጨነቁለት በእርሱና በባለቤቱ ስም ላመሰግንዎ ይገባል፤ ሁለት ዓመት ዓይን ሳይኖረው በዚያ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ውሃው አንድ ቀን አልነካውም፤ የነካው ጀልባው ብቻ ነው።

አምስተኛ። ይህ አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ቁጥሩን ግን ጀምሬዋለሁና ልጨርሰው።

«ሰርዘው» ሲሉ በዚያ ዳርቻ አርባ ሰው ነበር። የማንም ክር ሲጠላለፍ ተሯሩጦ የሚፈታው ሁሉ ነበር። የሁላችንም ኪስ ውስጥ የተፈረመ ወረቀት አለ። ማንም አልተናገረም። አንዱ ወደ ውሃው ዞረ፤ ሌላው መንጠቆውን ማየት ጀመረ። እትዬ ጽጌሬዳ ብቻ፣ «ኧረ ጌታዬ!» አለች፤ አብሮዎት የነበረው ዘበኛ ሲያያት ግን ዳር ላይ ለመሸጥ እርሷም ፈቃድ እንደሚያስፈልጋት አስታወሰችና ብርጭቆዎቿን ማጠብ ጀመረች። እኔ ከሁሉም ቅርብ ነበርኩ። አንድ ቃል ብናገር የሚሰሙኝ ያህል ቅርብ። ጎንበስ ካልኩበት ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ቀና ስል እርስዎ ሄደው ነበር።

ኑሪን እጁን ይዤ እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ወሰድኩትና በጥላው ሥር አስቀመጥኩት። የሚመለሰው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ነበር። «አንተ ሂድ፤ ክርህን ጣል። ለዚህ ብለህ መጥተህ ባዶ እጅህን አትመለስ። እኔ እዚህ ሆኜ ውሃውን እሰማለሁ» አለኝ። ውሃው ከዚያ አይሰማም። አውቃለሁ፤ እርሱም ያውቃል።

ሄድኩ፤ ክሬን ጣልኩ። ሦስት ቆሮሶ ያዝኩ። ስመለስ ስንት እንደያዝኩ ጠየቀኝና ሦስት ስለው፣ «አየህ፣ እንዳልኩህ ነው» አለኝ። ሁለቱን ለሁሪያ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስታገኘኝ ጋሼ ማለቱን ትታ አቶ ጥላዬ ትለኛለች።

ከዚያ ወዲህ ኑሪ ሐይቅ ዳር አልወረደም። ለቀሪው ወቅት እሑድ እሑድ ቤቱ እየሄድኩ ጠየቅኩት፤ በሌላ በኩል፣ ሰሌዳ በማይደርስበት ዳርቻ እንሞክር አልኩት። «ተወኝ ጥላዬ፤ እዚያ ሰው የለም» አለኝ። መጀመሪያ ለደኅንነቱ የፈራ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ስረዳው ግን ሲወርድ የነበረው ለዓሣው ብቻ አልነበረም። በሚያውቁት ሰዎች መሐል የራሱ ቦታ ኖሮት ለመቀመጥ ነበር፤ እኛ ደግሞ እዚያ ሆነን ሲሰረዝ ሰምተናል። የዓይነ ስውር ጆሮ ማን ዝም እንዳለ አንድ በአንድ ለይቶ የሚያውቅ ይመስለኛል። መንጠቆዎቹን በቆርቆሮ ዕቃ አድርጎ ባለፈው መስከረም ሰጠኝ። «ዝናቡ ሲያቆም ትፈልጋቸዋለህ» አለኝ። አሁንም በየቀኑ እዚያው በርጩማው ላይ ነው። ሰው ሲያልፍ እግሩን ይሰበስባል።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን እንዲፈጽሙልኝ እንደምለምን ሳስብ ሰነበትኩ። ምሰሶው ቢነቀል ድንጋዩ የተበሳ ነው። የፈቃድ ወረቀት ዛሬ ቢሰጠው አይመጣም። ጣቱ አይመለስም። እንግዲህ የምለምነው ስለሌለኝ ማመልከቻዬ ከሌሎቹ ሁሉ ለመሥሪያ ቤትዎ የሚቀል ይሆናል፤ ያለ ምንም ድካም «ጉዳዩ ተፈጽሟል» ብለው ፋይሉን ሊዘጉት ይችላሉ።

በዘመነ ሹመትዎ ዳርቻው ጸጥ ያለ፣ ሰላምታው በአንቀጽ የተደነገገ፣ ሰውም እርስ በርሱ ዓይን ለዓይን የማይተያይበት የመዝናኛ ስፍራ እንዲሆን ላደረጉት ድካም ያለኝን የማያልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ለጀልባዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለእርስዎም ከዚህ ከፍ ያለ ሹመትን፣ በተለይም ውሃ የሌለበትን፣ እመኛለሁ።

ታላቅ አክባሪዎ፣
ጥላዬ መንገሻ
ልብስ ሰፊ፣ ጎጃም በረንዳ፣ መርካቶ
ኅዳር ፯ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓመተ ምሕረት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የእኔን የፈቃድ ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልመልስልዎ አስቤ ነበር፤ ፖስታውም የተገዛው ለዚያ በሚበቃ ስፋት ነው። አልመለስኩትም። የፊታችን እሑድ ሐይቁ ላይ ያገኙኛል፤ ጀልባዎ ሲያልፍም እንደ ሌሎቹ ክሬን ሰብስቤ በአንቀጽ ሰባት መሠረት ቆቤን አወልቃለሁ። ኑሪን ሲመዝኑት ተሳስተዋል፤ እኛን ሲመዝኑን ግን አልተሳሳቱም።